ፈረቃ የማይደርሰው ሰፈር

የኔሪዮ ካልታቢያኖ ሬሳ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት፣ በላይኛው ሰፈር የቫልቭ ቤት ውስጥ ነው። ያገኙትም ውሃ አልመጣ ሲላቸው ተናደው በሩን ገፍተው የገቡ ሴቶች ናቸው። ሰውየው የበሩ ደፍ አጠገብ በሆዱ ተደፍቷል። ማጅራቱ ተሰንጥቋል፤ ከጎኑ ክንድ የሚያህል የብረት መፍቻ ወድቋል። አንዷ ሴት ጮኸች። ሌላዋ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ያደረገችው ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጥፋ ማዳመጥ ነበር። ምንም አይሰማም።

በዚያ መስከረም ሞንታልፌራ ላይ እንዲህ ሆነን ነበር። የሲሲሊ በጋ ምድሩን አድርቆታል፤ ከተማው ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። የሆቴሎቹ ሰፈር በየቀኑ፣ ታችኛው ሰፈር በሳምንት ሁለቴ። የላይኛው ሰፈር ፈረቃ ግን በግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንጂ በቧንቧ ሲመጣ ታይቶ አይታወቅም። ኔሪዮ የከተማው የውሃ ተቆጣጣሪ ነበር። ፈረቃውን እሱ አያወጣም፤ እየዞረ የሚናገረው ግን እሱ ስለሆነ የሚሰደበውም እሱ ነው።

ከአውራጃው ከተማ የተጠራችው የፖሊስ ኮሚሳር ዶናታ ስፓታፎራ ረፋዱ ላይ ደረሰች። አጭር፣ ሃምሳን ያለፈች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የሟቹን የቆዳ ጃኬት ገለጥ አደረገች። ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ወገቡ እርጥብ ነው። አሸተተችው። ከዚያ መዳፏን ወለሉ ላይ አሳረፈች፤ ይዛ የተነሳችው ደረቅ አቧራ ነው።

«ሳጅን ጋስፓሬ፣ አሽትተው እስቲ።»

ረዳቷ ጎንበስ አለ። «በረኪና በረኪና ይላል።»

ወደ ውስጥ ዘለቀች። ከቤቱ ጥግ ጉድጓድ አለ፤ በሳንቃ ተከድኗል። ሳንቃውን አንስታ በባትሪ አየች። ከታች ያለው ቫልቭ እንደ መኪና መሪ በእጅ የሚዞር አሮጌ ብረት ነው። መፍቻውን ዞራ አየችው።

ውጭ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይጮሃል። ሁሉም የሚያየው ፊሎሜና ቱርዱን ነው፤ የሰፈሩን ሰልፍ የምትመራውን ባሏ የሞተባትን ሴት። ዶናታ ወደ እሷ ሄደች።

«እትዬ ፊሎሜና፣ ኔሪዮን ‹ጭንቅላትህን በጀሪካን እፈልጠዋለሁ› ብለውታል አሉ።»

«ብያለሁ! በአደባባይ ነው ያልኩት፣ ድፍን ሰፈር ሰምቷል። ልገድለው ባስብ ኖሮ እንዲያ እጮህ ነበር?»

«ለምን እንዲህ ጠሉት?»

«ባሌ ኢኛዚዮ በነሐሴ ሞተብኝ። አልጋ ላይ ቆስሎ፣ ገላው ሸትቶ፣ ‹ፊሎሜና እጠቢኝ› እያለ ነው የሞተው። አስከሬኑን ያጠብኩት ከቦቴ በገዛሁት ውሃ ነው፤ እሱም አልበቃኝ ብሎ እግሩን በእርጥብ ፎጣ አበስኩት። ኔሪዮ ለቀብር መጣ። እዚያው አዋረድኩት። ዝም ብሎ ቆሞ አለቀሰ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ሌላ ሰው ሆነ። ትናንት ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አስቆመኝና ‹እሑድ ሰፈሩን ሰብስቢልኝ፣ የምነግራችሁ አለኝ› አለኝ። አሁን ደግሞ ይኸው ሬሳውን ደጃችን ጥለውልናል።»

«ጥለውልናል ነው ያሉት?»

«ታዲያ እኛ ብንገድለው እቤታችን እናስቀምጠዋለን? ድሃ ነን እንጂ ጅል አይደለንም።»

ከአደባባዩ ቦቴ መኪና ቆሟል። ባለቤቱ ሳሮ ብሩካቶ በሩ ላይ ተደግፎ የወይራ ፍሬ ይበላል። ውሃ የሚሸጥልን እሱ ነው። ከላይኛው ሰፈር ተወልዶ፣ በወጣትነቱ የዚያው ሰፈር ቫልቭ ከፋች ነበር።

«የኔ እመቤት፣ ቫልቭ ቤቱ ውስጥ ያለውን ብረት አዩት?» አላት እየሳቀ። «ስንት ዘመን አሽከረከርኩት መሰለዎት! ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እከፍተዋለሁ።»

«አሁን ውሃውን ከየት ትቀዳለህ?»

«ከራሴ የውሃ ጉድጓድ ነዋ።»

ዶናታ ሳታስፈቅደው የቦቴውን ቧንቧ ከፈተችና በእፍኟ ተጎነጨች። በእኛ አገር የጉድጓድ ውሃ ሁሉ ጨው ጨው ይላል። ይሄኛው ጣፋጭ ነው፤ ከኋላው ደግሞ ያው የበረኪና ሽታ ይመጣል። የሳሮ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ጥሩ ጉድጓድ ነው ያለህ» አለችውና ጥላው ሄደች።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ኢንጂነር ኤቶሬ ማንዙሊ የተቀበላት ቀዝቃዛ አየር በሚነፍስበት ቢሮው ነው። ከኋላው የከተማው ካርታ ተንጠልጥሏል፤ ሰፈሮቹ በቀለም ተለይተዋል። ላይኛው ሰፈር ግራጫ ነው።

«አውሬዎች ናቸው» አላት ገና ሳትቀመጥ። «ትናንት ማምሻውን ‹ሂድና ክፈትላቸው› ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ቢመሽም ይጠጡ ብዬ! መፍቻውን ከመጋዘን አውጥቼ በእጁ የሰጠሁትም እኔው ነኝ። በዚያው መፍቻ ገደሉት።»

«የከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚለቀቅ ውሃ ነበር?»

«ትንሽ። አሁን ጭቃው ብቻ ነው የቀረው። ለዚህ አይደል በፈረቃ የሆነው?»

«የማጠራቀሚያው ቁልፍ ከማን ጋ ነው?»

«ከእኔ ጋ ነዋ። አንድ ነው፤ ከኪሴ አይወጣም። ሕዝቡን ያውቁታል።»

«እርስዎ ላይኛው ሰፈር ወጥተው ያውቃሉ?»

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። «ምን ልሠራ? ካርታው እዚሁ አለልኝ።»

ዶናታ ካርታውን ትኩር ብላ አየችው።

በማግስቱ ሁሉንም ከከተማው በላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ጠራቻቸው። ኢንጂነሩ በመሥሪያ ቤቱ ትንሽ መኪና መጣ፤ ሳሮ በእግሩ። ፊሎሜና ብቻዋን እንድትመጣ ተነግሯት ነበር፤ እሷ ግን የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ ወጣች፤ ማንም ሊመልሳቸው አልደፈረም።

«ኢንጂነር፣ ይክፈቱት» አለች ዶናታ።

«ለምርመራው ምን ይረባል? ባዶ ነው አልኩዎት።»

«ባዶነቱን እንየው።»

አልተንቀሳቀሰም። ጋስፓሬ እጁን ዘረጋና ቁልፉን ተቀበለው። የብረት ክዳኑ ሲጢጥ እያለ ተነሳ። ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ሰማዩ ውስጡ ይታያል።

ዶናታ መናገር ጀመረች።

«ኔሪዮ የተገኘበት ቤት ደረቅ ነው፤ ሸሚዙ ግን እርጥብ ነበር። ስለዚህ የሞተው ሌላ ቦታ ነው። ሸሚዙ የበረኪና ሽታ አለው፤ ክሎሪን የገባበት የከተማው ውሃ ነው። እሱ በሞተበት ሰኞ የየትኛው ሰፈር ፈረቃ ነበር?»

«የማንም» አለች ፊሎሜና። «ዋናው ቧንቧ ይጠገናል ተብሎ ሆቴሎቹም ሳይቀሩ ተዘግቶባቸው ነበር።»

«እንግዲያው ሰው ግማሽ አካሉ እስኪርስ የሚነከርበት የከተማ ውሃ ያለው እዚህና በሳሮ ቦቴ ብቻ ነው። ቦቴው ሰው የሚያስገባ አፍ የለውም። ኔሪዮ እዚህ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ሲያይ ከኋላው ተመታ፤ በደረቱ ውሃው ውስጥ ተደፋ።» ጎንበስ ብላ በክዳኑ ማጠፊያ ሥር ያለውን የደረቀ ደም አሳየቻቸው።

«የሳሮ ቦቴ ሁልጊዜ የሚሞላው ከዚሁ አይደል?» አለ ኢንጂነሩ ድንገት። «እሱን ጠይቁት!»

«አንተ ውሻ!» ሳሮ ተንደረደረ፤ ጋስፓሬ ያዘው። «አዎ፣ እቀዳለሁ! እሱ ይከፍትልኛል፣ የሸጥኩትን እንካፈላለን። ሰው መግደል ግን አላውቅም!»

«እሱ አልገደለም» አለች ዶናታ። «ገዳዩን የነገረኝ መፍቻው ነው። የላይኛው ሰፈር ቫልቭ በእጅ የሚዞር ነው፤ መፍቻ የሚባል ነገር አይገባበትም። ኔሪዮ ይህን ያውቃል፤ ያን ብረት ተሸክሞ ዳገት አይወጣም። ሳሮ ያውቃል። እትዬ ፊሎሜናም ታውቃለች። የማያውቀው ሬሳውን በመኪና አምጥቶ በጨለማ በር ላይ ጥሎ፣ ሥራ ላይ የሞተ እንዲመስል መፍቻ ከጎኑ ያስቀመጠው ሰው ነው። የዚያን ሰፈር ውሃ ከቢሮው ሆኖ ለዓመታት ሲያስከፍትና ሲያዘጋ የኖረ፣ ከዚያ ሌሊት በፊት ግን አንድ ቀን እንኳ ደጁን ረግጦ የማያውቅ ሰው። መፍቻውን ‹በእጁ ሰጠሁት› ያሉኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ ኢንጂነር።»

ማንዙሊ ዙሪያውን አየ። መውጫው መንገድ ላይ የቆሙት ሴቶች ናቸው።

«ክፈትና ልየው አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ከፈትኩለት። ‹እሑድ ለሁሉም እነግራለሁ› አለ። ለመንኩት… ከተማ ማስተዳደር እናንተ እንደሚመስላችሁ አይደለም! ውሃው እንደ ልብ ቢለቀቅ…»

«ዝም በል!» አለች ፊሎሜና። ወደ ዶናታ ዞረች። «ስለ ኔሪዮ ይታሰራል። ስለ ኢኛዚዮስ?»

«ስለ ስርቆቱ የሕግ አንቀጽ አለ» አለች ዶናታ። «ሰው ስለማስጠማት… ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።»

«አላገኙም።»

«አላገኘሁም፣ እትዬ። ባገኘሁት ሁሉ ግን እከስሰዋለሁ።»

ጋስፓሬ ካቴናውን ሲያስርበት ኢንጂነሩ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ውሃ ጠየቀ። ማንም አልሰጠውም፤ ሁለቱ ፖሊሶችም ሌላ ሌላውን ያዩ ጀመር። ፊሎሜና ከአንዷ ሴት ኩባያ ተቀብላ ጎንበስ አለችና ከማጠራቀሚያው ጨለፈች። በንዴት ስታነሳው ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን አፉ ላይ ያዘችለት።

«ጠጣ» አለችው። «እኛ ዘንድ ውሃ በፈረቃ አይሰጥም።»

ጨርሶ እስኪጠጣ ዓይኑን እያየች ቆመች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችውና ወደ ሴቶቹ ተጣራች።

«በሉ፣ ወደ ቫልቩ እንውረድ! ከዛሬ ጀምሮ የምንከፍተው እኛው ነን።»

ከኮሚሳሯ ጀምሮ የከለከላቸው አልነበረም።