ሦስተኛዋ ክር

አያ አስናቀው ክራራቸውን እንደታቀፉ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው መደብ ላይ ሞተው ተገኙ። የኮሶዬ መንደር ሰው «ሲጫወቱ ልባቸው ቀጥ አለ፤ ሸጋ አሟሟት!» ማለት ጀምሯል። ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ግን የሽማግሌውን ከንፈር ገለጥ አድርጋ፣ ጥርሳቸው መሃል የተሰነቀረ የጋቢ ክር አየች። በሸጋ ሞት የሞተ ሰው ጋቢ አይነክስም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሄለንን ነው። ሄለን የድሮ የክራር ስልት ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር እየዞረች የምትቀርጽ፣ ራሷ ግን ክራር መቃኘት የማታውቅ የጎንደር ልጅ ናት።

«እስከ አምስት ሰዓት ቀረጽኳቸውና ምሳ ልበላ ወረድኩ» አለች። «ከሰዓት በኋላ ወራሻቸውን በአንደበታቸው ሊናገሩልኝ ነበር።»

«ማንን?»

«ተማሪያቸውን ሙሉሰውን ነዋ! ዘጠኝ ዓመት ተምሯል።»

ሙሉሰው የራሱን ክራር በትከሻው እንዳንጠለጠለ ደጅ ቆሟል። «ከጠዋት ጀምሮ ጎንደር ፒያሳ ነበርኩ። ሞታቸውን ሰምቼ መጣሁ እንጂ ዛሬ ክራራቸውን አልነካሁም» አለ።

የሟች ልጅ ዓይናዲስ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ነው ሬሳውን ያገኘችው። ዱቄቱ ገና ከፊቷ አልተራገፈም።

«የአባትሽን ክራር ማን ነው የሚቃኘው?»

«ሙሉሰው። ተማሪ ላስተማሪው ያልተቃኘ ክራር አያቀብልም። አባቴ ግን 'አንተ የከተማ ጆሮ!' ብለው ሦስተኛዋን ክር ሁልጊዜ ያረግቧታል።»

«አንቺስ?»

«ምነው! ብትነኪው ጣትሽን እቆርጠዋለሁ ይሉኝ ነበር።»

ሰብለ ወንጌል የሄለንን የጠዋት ቅጂ አስከፍታ አዳመጠች። ከዚያ የሟቹን ክራር ክሮች አንድ በአንድ ነካክታ ሦስቱንም ሰዎች መደቡ ፊት ጠራቻቸው። የሙሉሰውን ክራር ተቀብላ ክሮቹን ሁሉ አላላችና መለሰችለት።

«መምህርህን ተሰናበታቸው። የእሳቸውን ዜማ ምታ።»

ሙሉሰው ቃኝቶ ሊጀምር ሲል እጇን አነሳች።

«ይበቃል። በጠዋቱ ቅጂ ሦስተኛዋ ክር ረግባለች፤ ሬሳው እቅፍ ውስጥ ግን ጠብቃለች፣ ልክ አሁን አንተ እንዳጠበቅሃት። ሄለን መቃኘት አታውቅም። ዓይናዲስ እንዳትነካ ተከልክላለች። ሽማግሌው ሲታገሉህ ክራሩ ወደቀ፤ ቅኝቱ ፈረሰ። በጋቢያቸው አፍነህ ስታበቃ፣ ሲጫወቱ የሞቱ እንዲመስል ልታሳቅፋቸው አነሳኸው። ያልተቃኘ ክራር ማቀበል ግን እጅህ አልለመደም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።»

ሙሉሰው መሬት ላይ ዘጭ አለ። «ዘጠኝ ዓመት እንጨት ፈለጥኩ፤ ውሃ ቀዳሁ! ዛሬ 'ወራሽ የለኝም፤ ስልቴ ከኔ ጋር ይቀበራል ብዬ እናገራለሁ' አሉኝ። ስቀውብኝ ነው ያሉኝ!»

ካቴናው ሲገባለት ዓይናዲስ ወደ ክራሩ ተጠጋች። «እባክዎ፣ ያችን ክር ላርግባት። ድምጿ የአባቴ አይደለም። ከበር ኋላ ሆኜ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻታለሁ፤ እጄ አያውቃትም እንጂ ጆሮዬ ያውቃታል።»

ሄለን ቀና ብላ አየቻት። ሲፈለግ የነበረው ወራሽ እዚሁ ጓዳ ውስጥ ኖሯል። ሰብለ ወንጌል ክራሩን ከዓይናዲስ ፊት አነሳችው።

«አይቻልም፤ ማስረጃ ነው። እስኪፈረድ ማንም አይነካውም።»

ክራሩ በሙሉሰው ቅኝት እንዳለ ታሽጎ የፖሊስ መኪናው ላይ ተጫነ።