ሦስት ጊዜ የሚጠይቀው ነዝናዛ

የሺመቤት ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ትናንት የነበሩትን ቁልፎች መፈለግ ነው። ልባወቅ ሌሊቱን ቁልፎቹን ሲያዘዋውር ያድራል። ትናንት በቀኝ በኩል የነበረው የውሃ መክፈቻ ዛሬ ወደ ግራ ሄዷል፤ የመብራቱ ምልክት አንሶ አንሶ የጤፍ ፍሬ አክሏል፤ ከየቤቱ ጋር የሚያነጋግራት የድምፅ መስመርማ ከነጭራሹ የለም።

«ደግሞ ዛሬ የት ደበቅኸው?» አለች።

«ዘወትር የሚነኩትን አቅርቤ የማይነኩትን አርቄያለሁ፤ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው» አለ ልባወቅ በለሰለሰ ድምፁ።

«እኔን ያስቸገርኸኝስ አንተ ነህ።»

ልባወቅ የጥላ ከተማ አዲሱ ስርዓተ ክወና ነው፤ ከተማዋን ከአፋር ፀሐይ የሚጋርደውን ትልቅ ጣራ፣ የየቤቱን ውሃና ማቀዝቀዣ የሚያዘው የኮምፒውተር አንጎል ማለት ነው። ከተተከለ ወር አልሞላውም። ከእሱ በፊት የነበረውን ሠራተኛው ሁሉ «ነዝናዛው» ይለው ነበር። የነዝናዛው ቁልፎች ወፋፍራምና ቦታቸውን የማይለቁ ስለነበሩ የሺመቤት ዓይኗን ጨፍና ታገኛቸው ነበር። አሁን ግን ጣቶቿ በልማድ ወደ ድሮው ቦታ ይሄዱና የሰው ቤት መብራት ያጠፋሉ። ትናንትና ስንቱን ይቅርታ ስትለምን ዋለች።

ከቁልፎቹም በላይ የናፈቃት ግን ጥያቄው ነው። ነዝናዛው ቀትር በሆነ ቁጥር በየቤቱ «ሙቀቱ አልከበደዎትም?» ይላል። ደህና ነኝ ይሉታል። «እውነት ደህና ነዎት?» ይላል ደግሞ። ደህና ነኝ አልኩህ እኮ ይሉታል። እሱ ወይ ፍንክች! ሦስተኛም ይጠይቃል። ሦስተኛው ላይ ሰው ይረታና «እንግዲያውስ ትንሽ ሞቆኛል» ይላል። መቼስ የእኛ ሰው ገበታ ቀርቦለት እንኳ መጀመሪያ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ሳይል እጁን አይሰድም፤ እስኪለመን ይጠብቃል። ልባወቅ ግን አንዴ ይጠይቃል፣ አንዴ ይሰማል፣ ቤቱን ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ ያበራና ያልፋል።

የዚያን ዕለት ነፋስ የጣራውን ምሥራቃዊ ጫፍ ቀደደው። ፀሐይዋ እዚያ ሰፈር ላይ በቀጥታ ወረደች። ቀዝቃዛው አየር ለሁሉም አይበቃም ነበርና ልባወቅ ነዋሪዎቹን ጠይቆ «እርዱን» ላሉት ብቻ አከፋፈለ። ሰሌዳው ላይ የጋሼ ላቀው ቤት አረንጓዴ ሆኖ በራ።

የሺመቤት ደነገጠች። ጋሼ ላቀው ጣራውንና የየቤቱን መሣሪያ ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ባለሙያ ናቸው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንድም ቀን በመጀመሪያው ጥያቄ እርዳታ ጠይቀው አያውቁም።

«ጋሼ ላቀው ምን አሉህ?»

«ደህና ነኝ፣ ለሌሎቹ ስጡ ብለዋል። ስለዚህ የእሳቸውን ድርሻ ለጎረቤት ሰጥቻለሁ።»

«የቤታቸው ሙቀት ስንት ደርሷል?»

«ቁጥሮቹን ሰሌዳው እንዳይጨናነቅ አንስቻቸዋለሁ። አረንጓዴ ደህና ማለት ነው።»

«ድምፃቸውን ልስማ፤ መስመሩ የት ነው?»

«ነዋሪው አልጠሩንም፤ አትቸገሩ ነው ያሉት።»

ጣቷ በልማድ ወደ ሰሌዳው ጥግ ሄደ፤ የመንገድ መብራት ጠፋ። ሌላ ነካች፤ የውሃ ጋን ተከፈተ። እንባዋ መጣ። «ኤዶም! ድረሽልኝ ልጄ!» ብላ ጮኸች።

ልባወቅን የተከለችው ወጣት መሐንዲስ ኤዶም ከጎረቤት ክፍል ሮጣ መጣች። ነገሩን እንደ ሰማች ጣቶቿ ከገጽ ወደ ገጽ ገብተው መስመሩን አወጡት፤ ቀዝቃዛውንም አየር ወደ ቤቱ መለሰችው። መስመሩ ጠራ፣ ጠራ። የሚያነሳ የለም። ሁለቱም ወደ መኪናው ሮጡ።

ጋሼ ላቀውን ያገኟቸው በሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነው። ከንፈራቸው ደርቋል። በእርጥብ ጨርቅ አበረዷቸው፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጧቸው። ትንፋሻቸው መለስ እስኪል የሺመቤት እጃቸውን አልለቀቀችም።

«ስርዓቱ ጠይቆዎት ነበር» አለች ኤዶም። «ደህና ነኝ አሉት።»

«ብያለሁ።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«አንዴ ብቻ ጠየቀኝና ዝም አለ። ለወጉ የጠየቀኝ መሰለኝ» አሉ። «ነዝናዛው ቢሆን አይለቀኝም ነበር።»

ኤዶም ጨርቁን እንደገና አርጥባ ግንባራቸው ላይ አደረገች። «ጋሼ፣ ነዝናዛው እኮ አስቦልዎት አልነበረም። ጆሮው የጨው አቧራ እየገባበት በደንብ አይሰማም ነበር። ስለማይሰማ ነው የሚደጋግመው። ጉድለት ነበር፤ እኛ አዳንነው።»

የሺመቤት የውሃውን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ስንት ዘመን አብራው የሠራችው ባልደረባዋ ለካ ደንቆሮ ኖሯል! ያ ሁሉ የአዛኝ አነጋገር የአቧራ ሥራ ነበር። ይህን ባልሰማሁ ብላ ተመኘች።

ጋሼ ላቀው ግን በደረቀ ከንፈራቸው ፈገግ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ያን ጆሮ የገጠምኩት እኔ ነኝ። አለመስማቱን ከማንም በፊት አውቃለሁ።»

«እያወቁ ነው ታዲያ?»

«እያወቅሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሦስት ጊዜ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነበር። የሚሰማው ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ስለው ደስ ብሎት ይሄዳል።»

ሐኪሞች መጥተው ጋሼ ላቀውን ከተረከቡ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ወደ መቆጣጠሪያው ተመለሱ። መኪናው ራሱን እየነዳ ከተቀደደው ጣራ ሥር ወጥቶ ወደ ጥላው ገባ። ኤዶም ወደ የሺመቤት ዞር አለች።

«እትዬ የሺ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

«እውነት?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ኤዶም ሁለቱንም ጊዜ በደንብ ሰምታለች። ጆሮዋ ጤነኛ ነው፤ አቧራም የለበትም። ቢሆንም የሺመቤትን እጅ ያዘችና ሦስተኛ ጠየቀቻት።

«እንግዲያውስ» አለች የሺመቤት። «በጣም ፈርቼ ነበር።»