ከሁለተኛው ነጥብ በኋላ

ወርነር ዳይክማ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ተደፍቶ ነው። አጠገቡ የነበሩት እንቅልፍ የወሰደው መስሏቸው መጀመሪያ አፈሩለት። እሱ የሚመራው የጽዮን ወንዝ አሳታሚ ድርጅት በአሜሪካ፣ በግራንድ ራፒድስ ከተማ የሰንበት ትምህርት መጻሕፍት ሲያሳትም የኖረ ቤት ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ሠራተኞቹ የተሰበሰቡት ግን ለብዝኃነት ሥልጠና ነበር። የማን ታሪክ ይታተማል፣ የማን ይጣላል፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ ቤት እንዴት ይሠራሉ የሚባልበት ሥልጠና። ግማሹ ሠራተኛ «ዓለም በበራችን ገባች» ሲል፣ ግማሹ «እንዲያውም ዘገየች» ሲል ወራት ተነታርኮበታል።

አሠልጣኟ ሊዮንታይን ጌይንስ ከዲትሮይት የመጣች ጥቁር ወጣት ናት፣ የመጋቢ ልጅ። ለዳይክማ ቡና የቀዳችለት እሷ ነበረች። ማንም አላዘዛትም፤ «ሽማግሌ ሲቀመጥ ተነሥተሽ አስተናግጂ» ተብላ ስላደገች ነው። ይኸውና፣ መልካም አስተዳደግም አንዳንዴ ገመድ ይሆናል! ሐኪሙ «መርዝ ነው» ከማለቱ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ዐረፈ።

መርማሪ ሊንደርት ፎፕማ ሲደርስ ልጅቱ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ አንድ ፖሊስ ራስጌዋ ቆሞ ነበር። ሌሎቹ ማዶ ተኮልኩለው ይጸልያሉ። አንድ ሰው እንኳ «አይዞሽ» አላላትም። ፎፕማ ጡረታው የተቃረበ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ እዚያው ከተማ ተወልዶ ያረጀ ወፍራም ሰው ነው። መጀመሪያ ያስጠራው የዳይክማን ምክትል፣ ካልቪን ሩስን ነበር።

«አቶ ዳይክማን ማን ይጠላቸው ነበር?»

«ማንም።»

«እርስዎስ?»

«እኔ የጠላሁት ሥልጠናውን ነው። ‹ወንጌል እያለን ይህን ምን አመጣው› ብዬ ፊት ለፊት ተናግሬያለሁ። ለሥልጠና ተብሎ ግን ሰው አይገደልም።»

«ታዲያ ልጅቱ ለምን የምትገድል መሰለዎት?»

ካልቪን ክራቫቱን ነካካ። «ቡናውን የሰጠችው ይቺ ሴት ናት። ከዚያ ወዲያ በአፉ የገባ ነገር የለም። ሁላችንም አይተናል።»

«ሥልጠናውን ማን አመጣው?»

«ራሱ ነው። ከሕፃናቱ መጽሐፍ ውርደት በኋላ። ሥዕሎቹ ላይ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ነጭ፣ ሌቦቹ ሁሉ ጥቁር ሆነው ወጡና አገር ጮኸብን። ጥፋቱ የሥዕል አርታኢያችን የብራም ክራይት ነበር። አቶ ዳይክማ በአደባባይ ስሙን ጠርቶ አባረረው።»

«ዛሬ የት አለ?»

«ሞተ። በክረምት ራሱን ሐይቅ ውስጥ ጣለ። እህቱ ዊልማ እዚሁ አራሚ ናት። እግዚአብሔር ይባርካት፣ አንድ ቀን ቂም አላሳየችም።»

ቀጥላ የገባችው የሽያጭ ክፍሏ ፊቢ ስታል ነበረች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «እኔ ሥልጠናው እንዲመጣ የታገልኩ ነኝ» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ሊዮንታይንን እወዳታለሁ። ግን... ቡናውን እሷ ናት የሰጠችው። ሌላ ምንም አልቀመሰም። ልዋሽ አልችልም።»

«ፍቅርሽ ረጅም መንገድ አይሄድም» አላትና አሰናበታት።

ዊልማ ክራይት ስልሳ ያለፋት ቀጭን ሴት ናት፤ የእጅ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ወይዘሪት ዊልማ፣ እርስዎ በዚህ ክርክር ከየትኛው ወገን ነዎት?»

«እኔ ነጠላ ሰረዝ ነው የማርመው። ወገን የለኝም።»

«ጽዳት ሠራተኛው እንኳ ወገን አለው ይሉኛል።»

«እሱ ወሬ ይወዳል» አለች፣ ረጋ ብላ።

በመጨረሻ ፎፕማ ራሱ ተነሥቶ ወደ ጥጉ ሄደና ሊዮንታይን አጠገብ ተቀመጠ። አንድ ብርጭቆ ውኃም አቀረበላት።

«ልጄ፣ ውኃ ጠጪ።»

«በዚህ ቤት የተሰጠኝን አልጠጣም።»

«አልፈርድብሽም። ስትናገሪ ምን አየሽ? አንቺ ነሽ ፊታቸውን ስታዪ የነበርሽው።»

«ንቀታቸውን አየሁ። ገና አፌን ስከፍት ሁሉም የሆነ ነገር እየተቀባበሉ ጉንጫቸው ውስጥ ከተቱ። እያላመጡ ነው የሰሙኝ። ‹ሁለተኛው ነጥቤ› ስል ደግሞ ሟቹ ጉንጩን እንደገና ሞላ። ከዚያ ብዙም አልቆየ።»

ፎፕማ ከልቡ ሣቀ። «ንቀት አይደለም፣ ልጄ። ከዚህ የሚበልጥ ክብር አያውቁም።» ተነሥቶ ለሐኪሙ ደወለ። «ጉንጩ ሥር ፈልግልኝ» አለው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጠርቶ፣ ጠዋት በተቀመጡበት ወንበር እንዲቀመጡ አዘዘ። የዳይክማ ወንበር ባዶ ቀረ፤ በስተግራው ካልቪን፣ በስተቀኙ ዊልማ፣ ከኋላ ፊቢ።

«መርዙ ሩብ ሰዓት እንኳ ፋታ አይሰጥም» ሲል ጀመረ። «ቡናው የተጠጣው ከንግግሩ በፊት ነው። የገደለው ቡና ቢሆን ኖሮ አንደኛውን ነጥብም አይጨርስም ነበር። ስለዚህ በኋላ የበላው ነገር አለ።»

«ምንም አልበላም አልንዎት እኮ!» አለ ካልቪን።

«እርስዎስ፣ አቶ ሩስ? ልጅቱ ስትናገር ምን በሉ?»

«እኔም ምንም።»

«የናና ከረሜላ አልበሉም?»

ካልቪን ቀላ። «እሱማ... እሱ ምግብ ነው እንዴ?»

«አዩ? የኔም እናት ሰባኪው አፉን ሲከፍት ከቦርሳዋ አውጥታ በወንበሩ ታሳልፍልን ነበር። ለስብከቱ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ከረሜላ፤ በዚህ ከተማ ስብከት የሚሰማው እንዲህ ነው። ቢያስምሉን ‹ምንም አልበላንም› እንላለን፤ የሚዋሽም የለም። ለዚህ ነው ገዳዩ ከመካከላችን የሆነው። ከውጭ የመጣች ልጅ ይህን አታውቅም፤ ስድብ መስሏታል። ሐኪሙ የናና ከረሜላ ስባሪ በሟቹ ጉንጭ ሥር አግኝቷል፣ መርዙም እዚያው ላይ ነው። ፊቢ፣ ለአንደኛው ነጥብ ከረሜላው ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ። ከወይዘሪት ዊልማ ጥቅል፣ ሁላችንም ከላይ ከላይ እያነሣን።»

«ማን የትኛውን እንደሚያነሣ አይታወቅም። በጥቅሉ ውስጥ መርዝ የሚያኖር የማንን ነፍስ እንደሚወስድ አያውቅም። ለሁለተኛው ነጥብስ?»

ፊቢ ግንባሯን ቋጠረች። «አልመጣም። ጠበቅሁት... አልመጣም።»

«ለኔም አልደረሰኝም» አለ ካልቪን ቀስ ብሎ። «ገርሞኝ ነበር።»

«ለዳይክማ ግን ደርሶታል። ካልቪን ጋ አልነበረም። እንግዲህ የመጣው ከቀኙ ነው፣ ለእሱ ብቻ፣ ከእጅ ወደ እጅ። ስለ ሥልጠናው ያልተጨቃጨቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የዚያ ሰው ጠብ ከሥልጠናው አልነበረምና። ወይዘሪት ዊልማ፣ ቦርሳዎን።»

ዊልማ ቦርሳውን ራሷ ከፈተችና ነጭ ዱቄት የያዘ መሐረብ አውጥታ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«ብራም ‹እነዚህን ሥዕሎች እንለውጥ› ብሎ ለምኖታል። በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ‹እንዳለ ይታተም› ያለው ዳይክማ ራሱ ነው። ጩኸቱ ሲመጣ ወንድሜን ወርውሮ ሰጣቸው። ያኔ ዝም አልኩ። በኋላ ግን ይህን ሥልጠና ጠራ! የወንድሜ መቃብር ላይ ቆሞ እጁን ሊታጠብ! ዛሬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ልጅቱ ስለ ፍትሕ ስትናገር ራሱን ይነቀንቅ ነበር። አጠገቤ! አልጸጸትም። ቢነሣ ደግሜ እሰጠዋለሁ።»

«ብራም ያልሠራውን ተሸክሞ ሞተ» አለ ፎፕማ። «ይቺ ልጅስ ከጠዋት ጀምሮ የማንን ሥራ ተሸክማ ነው ጥግ የተቀመጠችው? ቡናውን ስትቀዳ እርስዎ አይተዋል። ሲከሷት ሰምተዋል። ዝም አሉ። ዳይክማ በብራም ያደረገውን እርስዎ በዚህች የሰው ልጅ ላይ አደረጉት።»

ዊልማ ወደ ሊዮንታይን ዞራ ልታያት ሞከረችና አልቻለችም። ፖሊሱ ክንዷን ሲይዝ ያቺ ቀጥ ያለች ሴት ጎብጣ ነበር።

በሩ ሲዘጋ ካልቪን እጆቹን አጣመረ። «እኅት ሊዮንታይን፣ ሁላችንም ተሳስተናል። ኑ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልይና ይቅር እንባባል።»

ፊቢ እጇን ዘረጋችላት። ሊዮንታይን ካፖርቷን ትቆልፍ ነበር።

«ጠዋት ‹ይቺ ሴት› ነበርኩ፤ አሁን እኅት ሆንኩ?»

«በክርስቶስ...»

«ማታ እናቴ ስትደውል ‹ይቅር በያቸው› ትለኛለች። እሷ ልትለኝ ትችላለች፣ ወልዳኛለች። እናንተ ግን አትበሉኝ።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ፎፕማ በሩን ይዞላት ነበር።