ጭስ ማውጫ የሌለው ቤት

የመናፍስት ጌጥ የሚሰቀልበት የሃሎዊን በዓል ሊሆን ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስስ ሃሪየት ፔንዳርቪስ በደንላፕ ክሪክ ቤተ መጻሕፍት የኋላ ክፍል ውስጥ የአስም መድኃኒታቸውን እንደጨበጡ ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ከበላያቸው የወረቀት የሌሊት ወፎች ተንጠልጥለዋል። ጠረጴዛው ላይ በሻይ ተነክረው መቶ ዓመት የቆዩ የሚመስሉ የወረቀት መቃብሮችና ትንንሽ ቤቶች ተደርድረዋል። ለእንግዳ ሰው ያስፈራ ይሆናል። ለእኛ ለከተማው ሰዎች ግን በየዓመቱ መስኮቱ ላይ የምናየው ጌጥ ነው፤ የሚሠሩትን በጎ ፈቃደኞች ሃያ ዓመት የመሩትም ሟቿ ነበሩ።

የገደላቸው አስም ነው፣ አስሙን የቀሰቀሰው ደግሞ ኃይለኛ ሽታ ነው አለ ሐኪሙ። ቶሎ ተደርሶላቸው ቢሆን ይተርፉ እንደነበርም ጨመረ። ሽታው የምን ነበር? ከተማው መልሱን ለማግኘት አንድ ቀን አልፈጀበትም። ጽዳት ሠራተኛዋ ሉርደስ ኦርዶኔዝ «አትጠቀሚ» የተባለችውን በረኪና ተጠቅማለች ተባለ። ከሥራ ታገደች፤ ክስም ይጠብቃታል ተባለ። እኔ ራሴ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ «አይ የዛሬ ሰው!» እያልኩ ራሴን ነቅንቄያለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከአውራጃው የተላከችው መርማሪ አይዳ ክሌቦርን ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ንግግረ ቁጥብ ሴት ናት። መጀመሪያ ያስጠራችው ሉርደስን ነበር።

«ወለሉን በምን ወለወልሽው?»

«በሳሙና! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨርሼ ወጣሁ። በረኪናውን እኮ ሚስስ ሃሪየት ራሳቸው ናቸው ድሮ ያስጣሉኝ። ‹እኔን ገድለሽ የት ልትገቢ ነው?› እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ልጄን ትምህርት ቤት ‹እናትሽ ሰው ገደለች› ብለዋታል። ሥራውስ ይቅር፤ ስሜን ማን ይመልስልኛል?»

ቀጥለው የገቡት ሚስተር ሮስኮ ቢንግሃም ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ ናቸው። በእጅ የሚዞረውን የወረቀት መቁረጫ ማሽን ከእሳቸው በቀር የሚደፍረው የለም።

«እንዴት ነው የሚሠራው?» አለች አይዳ።

«ስለታሙን የብረት ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ታደርጊያለሽ፤ በሁለት ሰሌዳ መሃል ታስገቢና ታዞሪያለሽ። ዘንድሮ የወረቀት ቤቶቹን ሁሉ በአንድ ቅርጽ ነው የቆረጥናቸው። አሥራ ሁለት ቤት፣ አሥራ ሁለት ጭስ ማውጫ። አይ፣ አሥራ አንድ በይው። ጓደኛችን ግዌንዶሊን የራሷን አጣማ አስገብታ ጭስ ማውጫውን አስቀረችው። እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። እሷም አልተናገረች፣ እኛም ጣሪያ ጣሪያውን አየን።»

«ከተቆረጠስ በኋላ?»

«ከዚያማ ማስረጀት ነው! ጠርዙን በቡናማ ቀለም ታሺዋለሽ፤ በላዩ ላይ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ቫርኒሽ ትነፊበታለሽ። ቫርኒሹ ግን ውጭ ነው የሚነፋው፣ ዝናብም ይሁን በረዶ። የሃሪየት ሕግ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ከአሥርቱ ትእዛዛት ቀጥሎ እሱ ነው።»

«ሐሙስ ዕለት ዘንቦ ነበር?»

«እስከ አሥር ሰዓት ድረስ። አሥር ሲል ቀጥ አለ። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያደለ ሰው ስለ ዝናብ አይሳሳትም፣ ልጄ።»

በመጨረሻ ሚስስ ግዌንዶሊን ታትል ገቡ። የከተማውን ግማሽ ሥዕል ያስተማሩ፣ የሟች የአርባ ዓመት ወዳጅ ናቸው። ሬሳውን ያገኙትም፣ አምቡላንስ የጠሩትም እሳቸው ነበሩ። እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ቆላልፈው ተቀመጡ።

«ስንት ሰዓት ደረሱ?»

«አሥር ተኩል። ወድቃ አገኘኋትና ወዲያው ደወልኩ።»

«የሸተተዎት ነገር ነበር?»

«በረኪና። ለአምቡላንሶቹም ነግሬያቸዋለሁ።»

«መስኮቱስ?»

«ዝግ ነበር። አልነካሁትም።»

«የእርስዎን የወረቀት ቤት ከሌሎቹ ጋር አላየሁትም።»

«የኔ? እቤቴ ነው። ገና ቫርኒሽ አልነካውም።»

አይዳ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። መብራቱን አጥፍታ፣ የእጅ ባትሪዋን ጎንበስ አድርጋ በጥቁሩ ጠረጴዛ ላይ አበራች። አንዱ ጥግ ላይ ስስ የቫርኒሽ ወዝ አለ፤ በወዙ መሃል ደግሞ ምንም ያልነካው፣ የደበዘዘ ቅርጽ። ብዙ ቆማ አየችው። መስኮቱ አጠገብ የተሰቀሉት የሌሊት ወፎች ቀለማቸው ፈሶ ፈንጣጣ የያዛቸው መስለዋል። ጣቷን አርሳ ደህናዋን ወፍ ነካ ብታደርጋት፣ እሷም ያንኑ ጠባሳ አወጣች። ከሟች ቦርሳ ደግሞ አንዲት ፖስታ አገኘች፤ ውስጧ ጠርዟ በጥንቃቄ ቡናማ የተደረገ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የወረቀት ቁራጭ ነበረች።

ማክሰኞ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሉርደስ ከበሩ ሥር ቆማ አልቀመጥም አለች።

«በረኪና ሸተተኝ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው» ብላ ጀመረች አይዳ። «ሌላው ሁሉ ከዚያ ሰው የሰማ ነው። ይህን ወዝ ተመልከቱ፤ ሽታው የቫርኒሽ ነበር፤ የተነፋውም ውጭ ሳይሆን እዚህ ነው። መሃሉ ላይ ቤት ነበር። ጣሪያ አለው፣ ጭስ ማውጫ የለውም።»

ሚስተር ቢንግሃም «ግዌን...» አሉና አቆሙ።

«ፖሊስ ትናንት በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚስስ ታትልን መኪና ፈትሾ ይህን አገኘ።» ቫርኒሹ የተሰነጣጠቀውን የወረቀት ቤት በደበዘዘው ቅርጽ ላይ አስተኛችው። ልክክ አለ።

«ዝናብ ነበር» አሉ ሚስስ ታትል በዝግታ። «ወረቀቱን ያበላሽብኛል ብዬ ነው። ማንም እጄን ሳያይብኝ ልጨርስ ብዬ። ሃሪየት ከአሥራ አንድ በፊት መጥታ አታውቅም።»

«የሚከብደው ያ አይደለም። እነዚህ ወፎች ውሃ ሲነካቸው ቀለማቸው ይሸሻል። ስለዚህ ዝናቡ በዚህ መስኮት ገብቷል፤ ዝናቡ ያቆመው ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ነው። አምቡላንስ የተጠራው አሥር ተኩል። ሽታው እስኪወጣ መስኮት የከፈተ፣ ኋላም የዘጋ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እዚህ ነበር።»

«ገብታ ስታስል መስኮቱን ከፈትኩ» አሉ ሚስስ ታትል። «መድኃኒቷን ይዛለች፤ እንደ ሁልጊዜው ይለቃታል አልኩ። ቤቱን መኪና ውስጥ ልደብቅ ሄድኩ። ስመለስ ጸጥ ብላለች። ያኔም አልደወልኩም፤ ሽታው አለቀቀም ነበር። አፈርኩ። ‹ማነው የነፋው?› ሲሉኝ ምን እላለሁ ብዬ አፈርኩ።»

አይዳ ፖስታዋን ከፈተች። «ሚስስ ሃሪየት ለምን ቀደም ብለው እንደመጡ ይህ ይነግረናል።» ትንሿን ቁራጭ በተጣመመው ጣሪያ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። ጭስ ማውጫ ነበረች።

«ሌሎቻችን ሳንደርስ ልትለጥፍልሽ ነው» አሉ ሚስተር ቢንግሃም። «እንዳታፍሪ።»

ሚስስ ታትል አንገታቸውን ደፉ። በዚህ ጊዜ ሉርደስ ከበሩ ሥር ተንቀሳቀሰች።

«ቀና ይበሉና ይዩኝ» አለች። «አምስት ቀን ሙሉ ከተማው ሁሉ ሲያየኝ ከርሟል። እርስዎም ይዩኝ።»

ሚስስ ታትል ቀና አሉ። የተቆላለፉት እጆቻቸው ተፈቱና ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጡ። ያን ዕለት ማንም ጣሪያውን አላየም።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሉርደስ ከፊቴ ቆማ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ግን ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።