የከበሮው ቆዳ የተቀደደ ዕለት

መቅደላዊት የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ መሐል፣ ከአንዲት ሱቅ ጀርባ ነው። ልጆች፣ መቅደላዊት ክፉ ልጅ እንዳትመስላችሁ። እናቷን ታግዛለች፣ ታናሽ ወንድሟን ታስጠናለች፣ ቅዳሴም አታስታጉልም። ግን ከበሮ ካየች እጇ አርፎ አይቀመጥም።

ለደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ከሕፃናት ክፍል ከበሮ እንድትመታ የተመረጠችው ግን ወንጌል ነበረች። ወንጌል እኩያዋ ናት፤ ከላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ሰፈር የምትመጣ ዝምተኛ ልጅ። መቅደላዊት "እኔ እኮ እበልጣታለሁ" እያለች ውስጥ ውስጡን ትብሰለሰል ነበር።

ከተራራው የሚወርደው ጭጋግ የከበሮ ቆዳ ያላላል። ስለዚህ ልጆቹ በየተራ ከበሮውን ፀሐይ ያስመቱታል። አንድ እሑድ ተራው የወንጌል ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ ከበሮውን ደረጃው ላይ አሞቀችው። ደመና ሲመጣ ልብሱን አልብሳ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠችውና ወደ ጓደኞቿ ሄደች።

ይሄኔ መቅደላዊት ገባች። አዳራሹ ውስጥ ማንም የለም። ከበሮውን መታ መታ አደረገችው። ድምፁ አሁንም አልጠራም። "ትንሽ እሳት ቢያገኝ ይስተካከል ነበር" አለች ለራሷ። ትልልቆቹ ዘማሪዎች አንዳንዴ እንዲህ ሲያደርጉ አይታለች። እነሱ ግን ከእሳቱ ራቅ አድርገው፣ በእጃቸው እያገላበጡ ነው የሚያሞቁት። ያንን ልብ አላለችም።

ከዘበኛው ከጋሽ ኢቲቻ ቤት ጀርባ እሳት ይነድዳል። እሳቸው ውጭው በር ላይ ነበሩ። መቅደላዊት ከበሮውን ተሸክማ ሄዳ እሳቱ ዳር አቆመችው። ወዲያው ከግቢው ማዶ ልጆች ጠሯት።

"መቅዲ፣ ሱዚ ልንጫወት ነው፣ ነይ!"

"አንዴ ዘልዬ እመለሳለሁ" ብላ ሮጠች። እስኪ አሁን ከበሮን የሚያህል ነገር እሳት ዳር ጥሎ ሱዚ ይዘለላል? አንዴው ብዙ ጊዜ ሆነ። ስትመለስ ቆዳው ከጠርዙ እስከ መሐሉ ተቀድዷል። ግራ ቀኝ አየች፤ ያያት ሰው የለም። ከበሮውን ልብሱን አልብሳ ቦታው መለሰችውና ከልጆቹ መሐል ተቀመጠች።

መምህራቸው ጋሽ ዘረሰናይ መዝሙር ሊያስጠኑ መጡ። ልብሱን ሲገልጡ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ዛሬ ተራው የማን ነበር?"

"የእኔ ነው፣ ጋሼ" አለች ወንጌል። "ሳስገባው ግን ደህና ነበር።"

"ፀሐይ ላይ ረስተሽው ነው እንጂ ቆዳ በራሱ አይቀደድም። እንግዲህ እስከ ንግሡ ከበሮ አትነኪም። መቅደላዊት ትመታለች።"

ልጆቹ ሁሉ ሲያዩዋት ወንጌል አንገቷን ደፍታ ማልቀስ ጀመረች። መቅደላዊትስ? ዝም አለች። የተመኘችውን አገኘች አይደል? በተዋሱት ከበሮ ልምምድ ሲጀመር ግን እጇ አልታዘዝ አላት። እንደዚያ የምትወደው ከበሮ አስጠላት።

እቤት ስትገባ እህል አልወርድ አላት። "መቅዲዬ፣ ማን አስከፋሽ?" አሏት እናቷ።

"እኔ ነኝ ሰው ያስከፋሁት" አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

እናቷ አልጮኹባትም። "ታዲያ ለእኔ መንገርሽ ለዚያች ልጅ ምን ይጠቅማታል?" ብቻ አሏት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ወንጌል ቤት ዳገቱን ተያያዘችው። ሽማግሌዎች ሰው ሲያስታርቁ አይታ ታውቃለች። በዳዩ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ይላል፤ የተበደለው "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብሎ እስኪያወርድለት ቀና አይልም። መጀመሪያ አንዲት ጠጠር ቢጤ አነሣች። "ይቺማ ቀልድ ነው የምትመስለው" ብላ ጣለቻት፤ ከበድ ያለ መርጣ አንገቷ ላይ ተሸከመችው። መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያያታል። አፈረች፣ ግን አልጣለችውም።

ወንጌል በራፋቸው ላይ ልብስ ታጥብ ነበር። መቅደላዊት ፊቷ ጎንበስ አለች።

"ከበሮውን እሳት ዳር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ ስትወቀሺ ዝም አልኩ። ይቅር በዪኝ።"

ወንጌል አረፋ የነካውን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ተናድዳ ነበር፤ መናደዷም ልክ ነው፣ ልጆች። ኋላ ግን ድንጋዩን ከአንገቷ አነሣችላት።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። "ግን መቅዲ፣ ጋሼም ልጆቹም እስካሁን እኔ ነኝ የሚመስላቸው።"

መቅደላዊት ይሄን አላሰበችበትም ነበር። ይቅር ከተባለች ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር።

እሑድ ልምምዱ ሊጀመር ሲል ተነሥታ ቆመች። "ከበሮውን የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ ወንጌል ምንም አላጠፋችም" አለች። ጋሽ ዘረሰናይ መጀመሪያ ወደ መቅደላዊት ሳይሆን ወደ ወንጌል ሄዱ።

"ልጄ፣ በደንብ ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ። ይቅር በዪኝ" ብለው እዚያው በልጆቹ ሁሉ ፊት ጎንበስ አሉላት። ወንጌል ደንግጣ እጃቸውን ይዛ ቀና አደረገቻቸው። ከዚያ ወደ መቅደላዊት ዞሩ። "አንቺ ደግሞ አዲሱን ቆዳ ስንወጥር አብረሽን ትሠሪያለሽ። እውነቱን ስለተናገርሽ ግን ደስ ብሎኛል።"

በንግሡ ዕለት ታቦቱ ሲወጣ ከፊት ሆና ከበሮ የመታችው ወንጌል ናት። የወንጌል እናት ከሕዝቡ መሐል "የእኔ ልጅ እኮ ናት" እያሉ አጠገባቸው ላለው ሁሉ ይናገሩ ነበር። መቅደላዊት ከኋላው ረድፍ ሆና አጨበጨበች፤ በዚያ ቀን እንደ እሷ የዘመረ አልነበረም።

ልጆቼ፣ የበደልነውን ሰው ይቅርታ ስንጠይቅ፣ በእኛ ጥፋት የጎደፈ ስሙንም በሰው ሁሉ ፊት ልናጠራለት ይገባል።