በሞተሩ ላይ የቀለጠችው ላት

ኤርሜክ በጋራዡ ውስጥ፣ ከቀይዋ ስፖርት መኪና ኋላ፣ በወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ ተገኘ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቧል። ጉንጩ ቀልቶ፣ ላየው ሰው የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም። ጫማዎቹን ግድግዳው ሥር አጣምሮ አስቀምጧቸዋል።

መርማሪዋ ካፒቴን ቡሩል ስትደርስ አለቃዋ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት።

«የመኪና ጭስ ነው። በሩ ዝግ፣ ቁልፉ መኪናዋ ላይ። ልጁ ራሱን አጥፍቷል። ጻፊውና እንሂድ።»

«እጄ በርዶታል፤ ሲሞቅልኝ እጽፋለሁ» አለችው። ግትርነቷን ስለሚያውቀው ትቷት ሄደ።

ደጅ ላይ የሟች እናት ቱርሱናይ በረዶው ላይ ተቀምጣለች። ሊያነሷት ቢሞክሩም እምቢ ብላለች።

«ካፒቴን፣ ልጄ ራሱን አላጠፋም። እንዲያ ተብሎ ከተጻፈ የመስጊዱ ሙላ አልሰግድበትም ብሎኛል። ቀብሩ ነገ ቀትር ነው። ያለ ጸሎት እንደ ውሻ ልቅበረው?»

«እስከ ነገ ቀትር አለሁልሽ» አለቻት ቡሩል። ከዚያ ያለፈ ቃል አልሰጠቻትም።

ተመልሳ የመኪናዋን ኮፈን ከፈተች። በሞተሩ ክዳን ላይ እንደ ሻማ ቀልጦ የወረደ ስብ ረግቷል። አሸተተችው፤ የበግ ላት ነው። የመኪናዋ ቁልፍ እንደተሰካ ነው፤ የዞረው ግን ወደ ማጥፊያው ነው። ከሾፌሩ ወንበር ሥር የጫማ ቅርጽ የያዘ በረዶ ገና ሟሙቶ አላለቀም። የኤርሜክ ጫማ ደረቅ ነው። ስልኩ ደግሞ ለጠዋቱ አንድ ሰዓት እንዲደውል ተሞልቷል።

የመኪናዋንና የጋራዡን ባለቤት ኦሮዝቤክን አስጠራችው። አሮጌ መኪና አስመጥቶ የሚሸጥ፣ ሳቁ የማይጠፋ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ከንፈሩ ደርቋል።

«ይቺ መኪና መቼ ነው የተነሳችው?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተነካችም፣ እትዬ ቡሩል። ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ ሊያያት ነበር ቀጠሯችን።»

«ሞተሯስ?»

«ምን ሊሆን! እንደ ሙሽራ ነው የያዝኳት።»

«ሙሽራም ታኮርፋለች» አለችውና ሸኘችው።

ቀጥሎ የመንደሩ መካኒክ ሳግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ልጁ ምክር ጠይቆኝ ነበር። የሞተሯ ውስጥ ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ ረግቧል አልኩት። ሞተሩ ሲሞቅ ዝም ይላል፤ ቀዝቅዞ ሲነሳ ግን እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። በቀዝቃዛው ሳትሰማው እንዳትገዛ አልኩት። ምነው አፌን በዘጋሁት!»

በመጨረሻ የተጠየቀችው የኦሮዝቤክ እህት ናዚክ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ለወንድምሽ ደንበኛ ነው እንዲህ የምታለቅሺው?»

ልጅቷ ፊቷን ሸፈነች። «እኔ ነኝ ያስገባሁት። በጸደይ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነበር። ትናንት ላቷን ሊያስቀምጥ መጣ፤ በረዶው ጣለና የመጨረሻው ሚኒባስ አመለጠው። ቤት ግባ ስለው ‹ሽማግሌ ሳልልክ አማቶቼ ቤት አድሬ ምን ልባል ነው?› አለኝ። ምንጣፍና ብርድ ልብስ ሰጠሁት።»

«ላቷ ለምንድን ነው?»

«አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሾፌሮች መኪና ሊገዙ ሲሉ ማታ ሞተሩ ላይ ላት ያኖራሉ። ጠዋት ቀልጣ ከተገኘች ሻጩ ገዢው ሳይመጣ ሞተሩን አሙቆታል ማለት ነው።»

«ወንድምሽ ይህን ያውቅ ነበር?»

«ላቷንም አያውቅ፣ እዚያ ማደሩንም አያውቅ፣ የእኛንም ነገር አያውቅ።»

በማግስቱ ጠዋት ቡሩል በእግሯ መጣች። በመንገዱ ዳር ሾፌር የሌላቸው መኪኖች በረዶው ላይ ቆመው ይጨሳሉ። ባለቤቶቻቸው በየመስኮቱ ሻይ ይጠጣሉ። ዘወትር የምታየው ነገር ነው። ዛሬ ግን ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው።

ረፋዱ ላይ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቱርሱናይም መጣች።

«ላት አስቀምጦ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚጠብቅ ሰው ራሱ አያስነሳውም» አለች ቡሩል። «ሊሞት የተኛ ሰው ለጠዋት ደውል አይሞላም። የሞተ ሰው ተነስቶ ሞተር አያጠፋም፤ ነዳጅ አለቀ እንዳንል ታንኩ ግማሽ ነው። ታዲያ ማን አስነሳው? ማንስ አጠፋው? ሳግን፣ ሞተር ከሩቅ በሪሞት ሲነሳ ስንት ደቂቃ ይሠራል?»

«ሃያ። ከዚያ በራሱ ይጠፋል።»

«ለዚህችስ ገጥመህላታል?»

መካኒኩ መሬት መሬት አየ። «በረዶ ሳይጀምር ገጠምኩላት።»

«ኦሮዝቤክ፣ ስንት ጊዜ ተጫንከው?»

ሰውየው ግድግዳውን ተደገፈ። «ሦስቴ፣ ሊነጋ ሲል። ከአልጋዬ ሳልነሳ። ሲመጣ እንዳይንኳኳበት ብዬ ነው። ሰው መኖሩን አላወቅኩም፤ በልጆቼ እምላለሁ!»

«አምንሃለሁ። ጠዋት ግን አየኸው። በረዶ በረገጠ ጫማህ ገብተህ ቁልፉን ሰካህ፣ ሪሞቱን ሸሸግህ። ልጁን ሳታውቅ ገደልከው፤ ጸሎቱን ግን እያወቅክ ነው የነጠቅኸው።»

ናዚክ ከወንድሟ አጠገብ ተነስታ ሄዳ ቱርሱናይ ጎን ቆመች። ቱርሱናይ ዞር ብላ አየቻት፤ ከዚያ የልጅቷን እጅ ያዘች።

ቡሩል ኤርሜክ ራሱን እንዳላጠፋ የጻፈችበትን ወረቀት ለሙላው ላከች። ልትወጣ ስትል ቱርሱናይ ጠራቻት።

«ያ የሞተሩ ድምፅ ምን ዓይነት ነው? ልስማው።»

ቡሩል የጋራዡን በሮች ወለል አድርጋ ከፈተችና ቁልፉን አዞረች። ቀዝቃዛው ሞተር ተነሳ፤ አንድ ሰው በማንኪያ ቆርቆሮ የሚደበድብ ይመስል ተንኳኳ። እናትየዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ለማሠራት ስንት ቀን ይፈጃል?»

ሳግን ባርኔጣውን አወለቀ። «የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር፣ እናቴ።»

ሞተሩ እየሞቀ ሄደና መንኳኳቱ ጠፋ። ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ፣ በኤርሜክ ላይ ሊሰግዱ የሚሰለፉ ሰዎች ጫማ በረዶው ላይ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።