የሊሳናርካ ድንጋዮች

ወንድሜን ፌስተስ ጊልቫሪን ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሊሳናርካ በምንለው ማሳ የድንጋይ አጥር ሥር ወድቆ አገኘሁት። ማክሰኞን የእህቴ ልጅ ዘንድ አድሬ መመለሴ ነበር። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ ኮቱ በዝናብ ርሷል። ሐኪሙ «ሲሻገር አዳልጦት ነው፤ ትናንት ከቀትር እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ሞቷል፤ ከዚህ በላይ ማወቅ አይቻልም» አለ። አገሩ ሁሉ አመነው። እኔ አላመንኩም። ፌስተስ ያንን አጥር ስልሳ ዓመት ተሻግሮታል።

ሳጅን ኑአላ ቶሂም አላመነችም። ኪሶቹን ፈትሻ «ደብተሩስ?» አለችኝ።

ፌስተስ ያለ ጥቁር ደብተሩ ከቤት አይወጣም ነበር። ዘራቸውን ፍለጋ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ሰዎች የሚያመጡት የመንደር ስም ሁልጊዜ የተበላሸ ነው፤ ቋንቋችንን የማያውቅ ጸሐፊ እንደመሰለው የጻፈው። ፌስተስ ስሙን ለሽማግሌዎች ጮክ ብሎ ያነብና ቦታውን በእግሩ ሄዶ ያያል። ያልረገጠውን መሬት ደብተሩ ላይ አያሰፍርም።

በዚያ ሳምንት የሚፈልገው የአሜሪካዊቷን የወይዘሮ ካሮል ዲቫኒን የዘር ሐረግ ነበር። በመዝገቦቹ ላይ ሰባት ዓይነት ሆኖ የተጻፈው ስም ሁሉ ያደረሰው ሊሳናርካ ነው። ቅድመ አያቷ የኖሩት እዚያ ነው፤ የበኩር ልጃቸውም የተቀበረው እዚያው ነው። ሊሳናርካ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት የሚቀበሩበት ነበር። ቤተ ክርስቲያን አፈሯን ስትነፍጋቸው አባቶቻቸው በትንሽ ሣጥን ተሸክመው ወስደው ምንም ባልተጻፈበት ድንጋይ ሥር አኖሯቸው። የእናቴም የመጀመሪያ ልጅ እዚያ ናት።

ማሳው አሁን የጎረቤታችን የፓኪ ሎፍተስ ነው። ለበጋ እንግዶች ቤት ሊሠራበት ቡልዶዘር ለሰኞ ቀጥሯል። ፌስተስ የአርባ አንድ ሕፃናትን ወላጆች ስም በደብተሩ ሰብስቦ ነበር። ያ ከጠፋ ቡልዶዘሩን የሚያስቆም ማስረጃ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አስከሬኑ ከሆስፒታል መጥቶ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ፤ ጎረቤትም ለለቅሶ ተሰበሰበ። ፓኪ ሻይና ዊስኪ ያዞራል።

«ዴሊያ፣ አይዞሽ» አለኝ። «ወንበሮቹን ትናንት አንቺ ሆስፒታል እያለሽ ነው ያመጣሁት። ከኔ የቀደመ የለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ያ ቃል እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ይመረኛል።

ወይዘሮ ካሮል ከጥግ ሆና የግድግዳውን ሰዓት አየችና «ተበላሽቷል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

አስከሬን የምትገንዘው ኡና ሩዋን ሳቀች። «አልተበላሸም፣ የኔ እመቤት። ሰው ሲሞት በሞተበት ደቂቃ ላይ እናቆመዋለን። አሜሪካ ስትሄዱ ያን ሁሉ ሻንጣ ይዛችሁ ይህን ረሳችሁት?»

ሳጅን ኑአላ ስኒዋን አስቀምጣ ተነሳች። ሰዓቱ አስር ከሃያ ላይ ቆሟል። የሚወዛወዘውን ፔንዱለም በጣቷ ነካ አደረገችው፤ መምታት ጀመረ።

«የቶሂ ልጅ፣ ተይ!» ኡና ጮኸች። «ሳይቀበር ማስነሳት ነውር ነው!»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። እናቴ ብታየኝ በጥፊ ነበር የምትለኝ። ግን መቼ ነው የተሞላው?»

«እሑድ» አልኩ። «ፌስተስ እሑድ እሑድ ይሞላዋል።»

«እንግዲያው በራሱ አልቆመም። እትዬ ኡና፣ እርስዎ ነዎት ያቆሙት?»

«ትናንት ላቆመው እጄን ስዘረጋ ቆሞ አገኘሁት። ዴሊያ መስላኝ ዝም አልኩ።»

«እኔ ወደ ሆስፒታል ስወጣ ይሠራ ነበር» አልኩ። «ደግሞስ ሰዓቱን ሳላውቅ ምን ላይ ላቆመው?»

«ልክ ነሽ። ከአንቺ በኋላ፣ ከእትዬ ኡና በፊት እዚህ የገባው ማነው?»

ሁሉም የተቀመጡባቸውን ወንበሮች ያዩ ጀመር።

«ፓኪ» አለች ሳጅኗ ድምጿን ሳታነሳ፣ «ሰዓቱን የማያውቅ ሰው አስከሬኑ የተገኘበት ላይ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ያቆመዋል። አንተ አስር ከሃያ ላይ አቆምከው። ሐኪሙ ያላወቀውን ማን ነገረህ?»

«እኔ... በግምት ነዋ።»

«በግምት ሰው ግማሽ ይላል፤ ሩብ ይላል። ሃያ አይልም። ደብተሩስ የት አለ?»

ፓኪ ወደ ሬሳ ሣጥኑ ዞረ። የያዘውን ጠርሙስ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«አቃጠልኩት። ተጨቃጨቅን፤ ገፋሁት፤ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ልገድለው አልነበረም። ትንፋሹ ሲቆም ሰዓቴን አየሁ። ትናንት ወንበሩን አስቀምጬ ቀና ስል እጄ ራሱ ሄዶ አቆመው። እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ። ለሙት አይዋሽም፣ ኑአላ።»

«ለሙት አይዋሽም?» አልኩት። ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም። «በዝናብ ጥለኸው እሳትህን እየሞቅህ አደርክ! ለኔ ዋሸህ፣ ለሐኪሙ ዋሸህ፣ በቤቴ ዊስኪ ቀዳህ፤ ለሱ ደቂቃ ታማኝ ሆንክ! እዚያ በተቀበረችው ሕፃን እህቴ ላይስ ሳሎን ልትሠራ አልነበር?»

ሳጅኗ ክንዱን ይዛ አወጣችው።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ካሮል ከቦርሳዋ ወፍራም ደብዳቤ አወጣች። «እኔ የጠየቅሁት ስለ አንድ ልጅ ብቻ ነበር» አለች። ፌስተስ ግን አርባ አንዱንም ገልብጦ ልኮላታል። ከታች በራሱ እጅ እንዲህ ይላል፦ «አንዱን ከሌሎቹ ነጥዬ ልልክልሽ ሆዴ እንቢ አለኝ።»

ሳጅን ኑአላ ደብዳቤውን ዓርብ ማለዳ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ወሰደችው። የዚያኑ ዕለት ከቀብር ስንመለስ ኡና «በይ፣ ተቀብሯል፤ አሁን ሰዓቱ ይምታ» አለችኝ። አይሆንም አልኩና አስር ከሃያ ላይ መልሼ አቆምኩት። ሰኞ ጠዋት ሊሳናርካ ሄጄ በድንጋዮቹ መካከል ቆምኩ። እስከ ቀትር ጠበቅሁ። ቡልዶዘሩ አልመጣም። ያን ጊዜ ቤት ገብቼ ሰዓቱን አስነሳሁት።

ንዴቴ ግን አልበረደም። እሑድ እሑድ ሰዓቱን ስሞላ አብሬ እሞላዋለሁ።